አዲስ የውጭ ልስንን ለቀለም ማዘጋጀት

የእህል መጋዘን፣ የጤና ጣቢያ ወይም የሰፋሪዎች ትምህርት ቤት ተሠርቶ ሲያልቅ የተቆጣጣሪው ዓይን በቅድሚያ የሚያርፈው በቀለሙ ላይ ነው። ቀለም ግን የሚጸናው ከሥሩ ያለው ልስን የጸና እንደ ሆነ ብቻ ነው። በደቡብ አዲስ አበባ፣ በጎፋ፣ የጭቃ ቤቶችና የብሎኬት የጋራ መኖሪያ ሕንፃዎች በአንድ አካባቢ ስለሚገኙ ለዚህ ትምህርት አመቺ ምሳሌ ይሆናል።

ሲሚንቶ ከውሃ ጋር ሲዋሐድ ኖራ ይፈጥራል። ኖራው እርጥብ በሆነው ግድግዳ ውስጥ እያለ የዘይት ቀለም ከተቀባበት ቀለሙን ወደ ሳሙናነት ለውጦ ያልመዋል። ከዚህም በላይ ውሃው ወደ ውጭ ሲወጣ ጨው ይዞ ስለሚመጣ ግድግዳው ላይ ነጭ ዱቄት ይታያል፤ ቀለሙም ይቋጥርና ይላጣል።

እዚህ ላይ ማጠንከርንና ማድረቅን ለይቶ ማወቅ ይገባል። አዲስ ልስን በመጀመሪያዎቹ 7 ቀናት ውሃ እየጠጣ መቆየት አለበት፤ በፀሐይ ቶሎ የደረቀ ልስን ይሰነጠቃል፣ አሸዋውም ይረግፋል። የማድረቁ ጊዜ የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ሲሆን፣ በበጋ ልስኑ ካለቀ ቢያንስ 4 ሳምንት መቆየት ይኖርበታል። በክረምት ግን ቀን መቁጠር አያስተማምንም። አንድ ካሬ የሚያህል ላስቲክ ዳር ዳሩን በፕላስተር ለጥፎ ማሳደር ይሻላል፤ ጠዋት ከውስጥ በኩል ጤዛ ከታየ ግድግዳው ገና ነው።

ነጩን ዱቄት በደረቅ ብሩሽ ጠርጎ፣ ዳግመኛ መውጣቱን ከጥቂት ቀናት በኋላ መመልከት ያስፈልጋል። በውሃ ማጠብ ጨውን መልሶ ወደ ልስኑ ያስገባዋል። ግድግዳው ሲንኳኳ ባዶ ድምፅ የሚሰጥበት ሥፍራ ተፍቆ እንደገና ይለሰናል፤ ያም ቦታ የራሱን ጊዜ ይጠብቃል። የፀጉር ያህል የቀጠነ ስንጥቅ በስቱኮ ይደፈናል፣ ለውጭ ግድግዳ የተዘጋጀው እስከሆነ ድረስ። በመረሬ አፈር ላይ በቆመ ቤት ግን በየዓመቱ የሚከፈት ስንጥቅ የመሠረት ጉዳይ ነው፤ ቀለም ቀቢውን መውቀስ ከንቱ ነው።

በውሃ የሚበጠበጠው የውጭ ቀለም እንፋሎት ስለሚያሳልፍ ከዘይት ቀለም ይመረጣል። የመጀመሪያው ቅብ ጣሳው ላይ በተጻፈው መጠን ቀጥኖ ልስኑ ውስጥ እንዲሰርግ ይደረጋል፤ ከዚያም ሁለት ሙሉ ቅቦች ይከተላሉ። ፀሐይ በቀጥታ የሚመታውን ግድግዳ በቀትር መቀባት አይገባም፤ ጥላውን ተከትሎ መዞር ይበጃል።

በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ሳቢያ ለተነሡ ሰፋሪዎች የተሠሩት ቤቶች በአብዛኛው ከእንጨት፣ ከጭቃና ከሣር ነበሩ። እንዲህ ባለው የጭቃ ግድግዳ ላይ የሲሚንቶ ልስን መለጠፍ ድካም ነው፤ ጭቃው ሲያብጥና ሲኮማተር ሲሚንቶው ይገነጠላል፣ እርጥበቱም ታፍኖ እንጨቱን ያበሰብሰዋል። ለርሱ በጭድ የተቦካ ምርጊትና የኖራ ቅብ ይበቃዋል።

ከሁሉ የከፋው ጠላት የበጀት መዝጊያ ነው። ገንዘቡ ሰኔ 30 ቀን እንዳይመለስ ሲባል በግንቦት የተለሰነ መጋዘን በሰኔ ዝናብ ይቀባል፤ እርጥበት ያደረበት ግድግዳ ደግሞ የተጠጋውን የእህል ጆንያ ያሻግታል። ስለዚህ ልስኑ በኅዳር አልቆ ቀለሙ በጥር እንዲቀባ ውሉ ላይ ቀኖቹ ለየብቻ ይጻፉ፤ የቀለሙም ክፍያ የላስቲኩ ፈተና ከመደረጉ በፊት አይፈቀድ።