ዓሣው ከመግባቱ በፊት

ልጄ፣ የአኳሪየሙን መስታወት ገዝተህ፣ ጠጠሩን አጥበህ፣ ውሃውን ሞልተህ «ዓሣውን ነገ ላምጣው?» ትለኛለህ። አይሆንም። አንድ ወር፣ ምናልባትም ከዚያ በላይ ትጠብቃለህ። ምክንያቱንና አጠባበቁን ልንገርህ።

1. ውሃው ስለጠራ ተዘጋጅቷል ማለት አይደለም። ዓሣ ሲተነፍስም ሲጸዳዳም አሞኒያ ይለቃል፤ የተረፈ ምግብም ሲበሰብስ እንዲሁ። አሞኒያ መርዝ ነው፣ ግን ቀለም ስለሌለው አታየውም። አንድ ዓይነት ባክቴሪያ እሱን ወደ ናይትራይት ይለውጠዋል፤ ናይትራይትም መርዝ ነው። ሌላው ባክቴሪያ ያንን ወደ ናይትሬት ይለውጣል፤ ናይትሬት ካልበዛ አይጎዳም፣ ውሃ ስትቀይር ይወጣል። አዲስ አኳሪየም ውስጥ እነዚህ ባክቴሪያዎች የሉም ማለት ይቻላል። በጠጠሩና በፊልተሩ ስፖንጅ ላይ እስኪባዙ ብዙውን ጊዜ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈጃል። የጀማሪ ዓሣ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሲያልቅ ሻጩን ከመርገም በፊት ይህን አስብ።

2. ባክቴሪያውን ያለ ዓሣ መግበው። በየቀኑ ትንሽ የዓሣ ምግብ ቆንጥረህ ጣልበት፤ ሲበሰብስ አሞኒያ ይሆናል። ጤነኛ አኳሪየም ያለው ጓደኛ ካለህ ደግሞ ከፊልተሩ ስፖንጅ ቆርጦ ይስጥህና ሳይደርቅ አምጥተህ ያንተ ፊልተር ውስጥ ክተተው። ከጎረቤት እርሾ እንደመበደር ነው፤ ጊዜውን ያሳጥርልሃል።

3. የቧንቧ ውሃ ላይ የሚጨመረው ክሎሪን ባክቴሪያ ለመግደል ነው፤ ያንተንም አይምርም። ውሃውን አፉ ሰፊ በሆነ ባልዲ ከፍተህ ክሎሪኑ እንዲወጣ አንድ ሁለት ቀን አሳድረው። መቀሌ ውስጥ ውሃ በተራ እንደሚመጣ ታውቃለህና ለዓሣው የሚሆን አንድ ጄሪካን ሁልጊዜ ለብቻ ይኑርህ። እናትህ «ለሰው ያልበቃ ውሃ ለዓሣ?» ማለቷ አይቀርም፤ እውነቷን ነው። የቀየርከውን ውሃ አትድፋው፣ ለጓሮ አትክልት ስጣት፤ ናይትሬቱ ማዳበሪያ ነው።

4. የከተማችን ውሃ በአብዛኛው ከጉድጓድ፣ በተለይ ከአይናለም በኩል የሚመጣ ነው። አገሩ የኖራ ድንጋይ ስለሆነ ውሃው ከባድ፣ ማለትም ማዕድን የበዛበት ነው፤ የሻይ ማንቆርቆሪያችሁን ውስጡን እይ፣ ነጩ ቅርፊት እሱ ነው። ይህ ለባክቴሪያው ይስማማዋል። አሞኒያ ግን እንዲህ ባለ ውሃ ውስጥ መርዝነቱ ይብሳልና መጠበቅህ እዚህ የበለጠ ያስፈልጋል። ከዓሣም ጉፒ፣ ሞሊና ፕላቲ ከባድ ውሃ ይወዳሉ። የለስላሳ ውሃ ዓሣ ፎቶው ቢያምርህም ተወው።

5. ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ የመቀሌ ሌሊት ይበርዳል፤ ባክቴሪያው በብርድ ይዘገያል። ማሞቂያ ካለህ ከ25 እስከ 28 ዲግሪ አድርገው። ከ2,000 ሜትር በላይ ነው የምንኖረው፤ ውሃው የሚይዘው ኦክስጅን ከቆላው ያነሰ ስለሆነ ፊልተሩ የውሃውን ገጽ እያናወጠ ይሥራ። መብራት ለሰዓታት ከጠፋ ስፖንጁን ከተዘጋው ፊልተር አውጥተህ አኳሪየሙ ውስጥ አንሳፍፈው፤ እዚያው ታፍኖ ከቆየ ባክቴሪያው ያልቃል።

6. መለኪያ ግዛ። ከአዲስ አበባ የሚመጣ ሰው ካለ አስመጣ፤ ለአኳሪየሙ ጌጥ የሚሆነው ትንሽ ቤተ መንግሥት ይቆይና መለኪያው ይቅደም። በብዙዎቹ ጠብታ መለኪያዎች አሞኒያ የሌለበት ውሃ ቢጫ ነው፣ ሲኖር ወደ አረንጓዴ ይሄዳል። መጀመሪያ አሞኒያው ይወጣና ይወርዳል፣ ቀጥሎ ናይትራይቱ። ምግብ እየጣልክ ሁለቱም ዜሮ ላይ ከረጉና ናይትሬት ከታየ ደርሷል።

7. ያኔም ሁለት ሦስት ጉፒ ብቻ አስገባ፤ ሌላውን ከሳምንታት በኋላ። ስፖንጁ ሲቆሽሽ ከአኳሪየሙ በቀዳኸው ውሃ እጠበው፣ በቧንቧ ውሃ በፍጹም። ስድስት ሳምንት ሞልቶ ናይትራይቱ ዜሮ ካላለ ደግሞ ሌላ ሳምንት ጨምርበት፤ ዓሣው ሱቁ ውስጥ ይቆይሃል።