ለጠላ የሚሆን እርሾ አመራረጥ

በነቀምቴ፥ በጊምቢ፥ በሻምቡና በደምቢዶሎ፥ በአማርኛ ጠላ በኦሮምኛ ፋርሶ የሚባለው መጠጥ ከሠርግ፥ ከደቦና ከበዓል የማይታጣ ነው። ለብዙ እናቶችም ልጆቻቸውን የሚያሳድጉበት መተዳደሪያ ነው። ስለዚህ አንድ ጋን ጠላ ሲበላሽ የሚጠፋው እህልና ማገዶ ብቻ ሳይሆን የቤተ ሰቡ ቀለብ ጭምር ነው። በዚህ ወር ትምህርታችን ጠላን ስለሚያሳምረውና ስለሚያበላሸው ስለ እርሾ ጥቂት ለመግለጽ እንወዳለን።

በነቀምቴ ከተማ ለጤና ትምህርት ከቤት ወደ ቤት ስንዘዋወር፥ በጠላ ንግድ የሚተዳደሩ አንዲት እናት ጋናቸውን ከፍተው አሳዩን። ጠላው ኮምጥጦ ከላዩ ስስ ነጭ ሽፋን ለብሶ ነበር። «ልጆቼ፥ ጋኑን ሁለት ጊዜ በወይራ አጠንሁት፤ ታዲያ ምን አጎደልሁ?» ሲሉ ጠየቁን። እርሾውን ያመጡት ከሰነበተ የጎረቤት ጋን መሆኑን፥ ያን ጊዜም ኮምጣጤ ኮምጣጤ ይሸት እንደ ነበር አልሸሸጉንም። ጢሱ ያርመዋል ብለው ተስፋ አድርገው ነበር። ስሕተቱ ያለው እዚህ ላይ ነው።

እርሾ ሕይወት ያለው ነገር ነው። በዓይን የማይታዩ እጅግ ጥቃቅን ሕዋሳት የብቅሉን ጣፋጭ ነገር እየተመገቡ ወደ አልኮልና ወደ አየር ይለውጡታል፤ ጥንስሱ ሲብላላ የምናየው አረፋ ይኸው አየር ነው። ፈረንሳዊው ሊቅ ሉዊ ፓስተር እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1876 ዓ.ም. ስለ ቢራ ባሳተመው መጽሐፍ፥ መጠጥ የሚበላሸው ከእርሾው ጋር ሌሎች ጥቃቅን ሕዋሳት ሲገቡበት መሆኑን አስረዳ። በ1883 ዓ.ም. ደግሞ ኤሚል ሐንሰን በኮፐንሐገን ከተማ በካርልስበርግ ቤተ ሙከራ ንጹሕ የቢራ እርሾ ለይቶ አራባ። የኮመጠጠ እርሾ የሚጨምር ሰው እንግዲህ የኮምጣጤን ዘር በገዛ እጁ ይዘራል ማለት ነው።

የጢስ ጥቅሙ ሌላ ነው። በጀርመን አገር በባምበርግ ከተማ ለሚጠመቀው ለታወቀው የጢስ ቢራ ብቅሉ በእንጨት ጢስ ይደርቃል፤ በእኛ ዘንድ ግን የሚታጠነው ጋኑ ነው። ጢሱ ለጠላው መዓዛ ይሰጣል፤ በጋኑ ግድግዳ ላይ ያሉትንም ጥቃቅን ሕዋሳት በመጠኑ ይቀንሳል። ሆኖም በግራዋ ቅጠል አጥቦ በንጹሕ ውሃ ማለቅለቅን አይተካም፤ የመጥፎ እርሾንም ጉድለት አያርምም። ማጠኑም ዓይንንና ሳንባን ስለሚጎዳ፥ በተዘጋ ቤት ውስጥ ሳይሆን በውጭ ወይም በር ተከፍቶ ይደረግ።

እርሾ በሦስት መንገድ ይገኛል።

1ኛ፤ ከአዲስ ጌሾና ብቅል። የእርሾ ዘር በቅጠሉ፥ በእህሉና በዕቃው ላይ ስለሚገኝ፥ ጥንስሱ ያለ ሌላ እርሾ በራሱ ይነሣል። ቀኑ ቢረዝምም ከአሮጌ ጋን ጉድለት አይወርስም።

2ኛ፤ ከደረሰ ጠላ አተላ። ሽታው እንደ ዳቦ ወይም እንደ በሰለ ፍሬ ከሆነ መልካም ነው፤ ኮምጣጤ የሚሸተውን ወይም ሽፋን ያበጀውን መተው ይገባል። በታጠበ ዕቃ ተከድኖ ሳይሰነብት ይጨመር።

3ኛ፤ ከሱቅ የሚገዛ የዳቦ እርሾ። ቶሎ ያብላላል፤ ነገር ግን ከጌሾና ከጋኑ የሚገኙት ልዩ ልዩ ሕዋሳት ተባብረው የሚሰጡትን የጠላ ጣዕም ብቻውን አይሰጥም። ሲገዛ በማሸጊያው ላይ የተጻፈውን የማብቂያ ቀን መመልከት ያስፈልጋል።

ከሦስቱ ማንኛውም ቢመረጥ፥ አንድ ጋን እህል ከማጥፋት አስቀድሞ መፈተን ይበጃል። በንጹሕ ብርጭቆ ውስጥ ጥቂት የብቅል ዱቄት ለብ ባለ ውሃ በጥብጦ ከእርሾው ወይም ከጥንስሱ ጥቂት መጨመርና ከድኖ ማሳደር ነው። በማግስቱ አረፋ ካወጣና ሽታው ካማረ ይሆናል። እንኩሮውም ሳይበርድ ወደ ጥንስሱ አይጨመር፤ እጅ የማይችለው ሙቀት እርሾውን ይገድላል። ጠላው ሲደርስ የጋኑ አፍ በሚገባ ይከደን፤ ኮምጣጤ የሚያበጁት ሕዋሳት አየር ይፈልጋሉና።

አሁን ከሁሉ ወደሚበልጠው ነገር እንመለሳለን። የኮመጠጠ ጠላ ገንዘብ ያጠፋል እንጂ መኮምጠጡ ብቻውን በሽታ አይደለም። በአንጻሩ ጣዕሙ ያማረ ጠላ በሽታ ሊይዝ ይችላል። ብዙ ጊዜ ድፍድፉ ከተብላላ በኋላ የሚቀጠነው ከምንጭ ወይም ከወንዝ በተቀዳ ያልፈላ ውሃ ነው፤ የታይፎይድ፥ የኮሌራና የአሜባ ተሐዋስያን በዚህ ውሃና በቆሸሸ መጠጫ ይተላለፋሉ። የጠላው አልኮል ትንሽ በመሆኑ እነዚህን ሁሉ ያጠፋል ብሎ መተማመን አይገባም። ስለዚህ ማቅጠኛው ውሃ ፈልቶ የቀዘቀዘ፥ መቅጃው እጀታ ያለው፥ መጠጫውም በሳሙናና በንጹሕ ውሃ የታጠበ ይሁን። ለሕፃናትና ለነፍሰ ጡሮች ጠላ መስጠት ፈጽሞ አይገባም።

እኚያ እናት በሚቀጥለው ጠመቃቸው ሁለት እርሾ በሁለት ብርጭቆ ፈትነው አንዱን ደፉት። በመልካሙ የጠነሰሱት ጋን ሳይኮመጥጥ ተሽጦ አለቀ። ማቅጠኛውንም ውሃ አስቀድመው አፍልተውት ነበር። አንባቢዎቻችንም እንዲሁ እንድታደርጉ አደራ እንላለን።