ለሎጎ ማንን ልቅጠር?

ጥያቄ፦ ቡና ቆልቼ በማሸጊያ ልሸጥ ነው። ሎጎውን አንድ ጀማሪ በትንሽ ብር እሠራለሁ ይላል፤ ልምድ ያለው ባለሙያ ግን ብዙ እጥፍ ጠየቀኝ። የትኛው ይሻለኛል?

መልስ፦ ርካሽ ሁሉ መጥፎ አይደለም። የናይኪን ምልክት እ.ኤ.አ. በ1971 የሠራችው ካሮሊን ዴቪድሰን ተማሪ ነበረች፤ የተከፈላትም 35 ዶላር ብቻ ነው። ኩባንያው ቆይቶ፣ በ1983፣ አክሲዮን ሰጣት። ስቲቭ ጆብስ በአንጻሩ በ1986 ለኮምፒውተር ኩባንያው ለኔክስት ሎጎ ለዲዛይነሩ ፖል ራንድ 100,000 ዶላር ከፍሏል። ራንድ ያቀረበለት አንድ ንድፍ ብቻ ነበር። ሎጎው ድንቅ ሆነ፤ ኮምፒውተሩ ግን ገዢ አልበዛለትም።

የልምድ ጥቅም ጎልቶ የሚታየው ማተሚያ ቤት ሲደረስ ነው። በስልክ ላይ ያማረው ምስል ለባነር ሲለጠጥ ጠርዙ ይደበዝዛል። በማሸጊያው ላይ ሲያንስ ደግሞ እንደ «ጨ» ያሉ ፊደላት በቀለም ይደፈናሉ። ልምድ ያለው ባለሙያ ይህን አስቀድሞ ያስባል፣ ቢለጠጥም የማይደበዝዝ የቬክተር ፋይልም ያስረክባል፤ ፋይሉን ያልተረከበ ደንበኛ ሎጎውን ዳግም ለማሠራት ይከፍላል።

ስለዚህ ሎጎውንና ማሸጊያውን ለባለሙያው ይስጡ። ለቴሌግራምና ለፌስቡክ ፖስተር ጀማሪው ይበቃል፤ ክፍያውን ግን አያሳንሱበት። ከሁለቱም ጋር ዋናው ፋይልና የባለቤትነት መብቱ የእርስዎ መሆኑን በጽሑፍ ይዋዋሉ።