ምክንያትንና ውጤትን በአስረጂ ድርሰት መግለጽ

አስረጂ ድርሰት የአንድን ነገር ጠባይ ወይም አሠራር በቅደም ተከተል የሚያብራራ የድርሰት ዓይነት ነው። በዚህ ትምህርት ምክንያትንና ውጤትን አያይዞ የመጻፍን ስልት ትማራላችሁ። አስቀድማችሁ ቀጥለው የቀረቡትን ሁለት ዓረፍተ ነገሮች አነጻጽሩ።

1. ጎማው ከተለወጠ በኋላ ተሳቢው ይወዛወዝ ጀመር።
2. ጎማው ስለ ተለወጠ ተሳቢው ይወዛወዝ ጀመር።

የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር የሚነግረን የጊዜን ቅደም ተከተል ብቻ ነው። ሁለተኛው ግን ጥፋቱን በጎማው ላይ ይጥላል። አንድ ሹፌር የመጀመሪያውን አይቶ ሁለተኛውን ጽፎ ለባለንብረቱ ቢያቀርብ፣ ባለንብረቱ ደኅናውን ጎማ አስፈትቶ ሌላ ይገዛል። እውነተኛው ምክንያት ወደ ኋላ ያደላ ጭነት ከሆነ ግን፣ ተሳቢው እንደ ተወዛወዘ ቁልቁለቱን ይወርዳል። የአያያዥ ቃል ምርጫ የሰው ሕይወት ሊያድን ወይም ሊያጠፋ የሚችልበት ጊዜ እንዳለ ከዚህ መረዳት ይቻላል። አሁን የሚከተለውን ምንባብ በጥሞና አንብቡ።

ሀ. ምንባብ
የተሳቢ ጎማና የጉዞ መረጋጋት

ከ1990 ዓ.ም. ወዲህ ከኢትዮጵያ የገቢ ዕቃ አብዛኛው የሚመጣው በጅቡቲ ወደብ በኩል ነው። ከወደቡ እስከ አዲስ አበባ 900 ኪሎ ሜትር ያህል በሚሆነው መንገድ ላይ ተሳቢ የሚጎትቱ ከባድ መኪናዎች ሌት ተቀን ይመላለሳሉ። መንገዱ ከባሕር ጠርዝ ተነሥቶ፣ የአፋርን በረሓ አቋርጦ፣ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ወዳለው ደጋ ይወጣል። በዚህ ሁሉ ርቀት ተሳቢውን ከመሬት ጋር የሚያገናኘው ጎማው ብቻ ነው።

ተሳቢ የራሱ ሞተር የለውም፤ የሚሄደው በመጎተቻው እየተመራ ነው። ነፋስ ወይም ጉድጓድ ወደ ጎን በገፋው ጊዜ ወደ መሥመሩ የሚመልሰው ጎማው መሬቱን ቆንጥጦ የሚሰጠው ኃይል ነው። ጎማ ደግሞ ይህን ኃይል የሚሰጠው በመጀመሪያ በጥቂቱ ተጣሞ ነው። ስለዚህ ጎኑ ጠንካራ የሆነ ጎማ ተሳቢውን ቶሎ ሲመልሰው፣ ጎኑ ልል የሆነ ጎማ ዘግይቶና ደክሞ ይመልሰዋል። መኪናው በዝግታ ሲሄድ መወዛወዙ እየቀነሰ ይጠፋል፤ ፍጥነቱ ከተወሰነ ልክ ሲያልፍ ግን እያንዳንዱ ውዝዋዜ ካለፈው እየባሰ ይሄዳል። ልል ጎማ ይህን የአደጋ ልክ ዝቅ ያደርገዋል። በመሆኑም ተሳቢው ቀድሞ በደኅና ይጓዝበት በነበረው ፍጥነት ጭራውን ወዲያና ወዲህ መወርወር ይጀምራል።

እንግዲህ ጎማ መለወጥ ተሳቢውን ሊያረጋጋውም ሊያናውጠውም ይችላል። ያረጀ ጎማ ለጭነቱ በሚስማማና በልኩ በተነፋ ጎማ ቢተካ ተሳቢው ይረጋል። አዲሱ ጎማ ለቀላል ጭነት የተሠራ ቢሆን ወይም አየሩ ቢጎድል ግን፣ አዲስነቱ ጎኑን ከመተጣጠፍ አያድነውም። ከቀድሞው የበለጠ ቁመት ያለው ጎማ ቢገባ ደግሞ የተሳቢው የክብደት ማዕከል ከፍ ስለሚል፣ ተሳቢው በመጠምዘዣ ላይ በቀላሉ ያዘነብላል።

ሌላው ስሕተት ጎን ለጎን ከታሰሩት ጥንድ ጎማዎች አንዱን ብቻ መለወጥ ነው። ከጫፍ እስከ ጫፍ ሲለካ አዲሱ ጎማ 1,050 ሚሊ ሜትር፣ ያለቀው ጎረቤቱ 1,030 ሚሊ ሜትር ነው እንበል። ሁለቱ አብረው ስለ ታሰሩ እኩል ይዞራሉ፤ ነገር ግን የዙሪያቸው ልዩነት 63 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ይህ ልዩነት በአንድ ኪሎ ሜትር ጉዞ ሲሰላ 19 ሜትር ገደማ ይደርሳል። በዚህም የተነሣ ትንሹ ጎማ ከአስፋልቱ ጋር እየተፋተገ ያልቃል፤ ትልቁ ከድርሻው በላይ ተሸክሞ ይግላል። ከመጠን በላይ የጋለ ጎማም በቁልቁለት መካከል ሊፈነዳ ይችላል።

ስለሆነም ጎማ የሚለውጥ ሰው የአየሩን መጠን መለካት ያለበት ጎማው ሳይግል ነው፤ በጉዞ ላይ በሙቀት ምክንያት ግፊቱ ቢጨምር ማስተንፈስ የለበትም። የቸርኬውን ዳዶዎች ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ከተጓዘ በኋላ እንደ ገና ማጥበቅ ይገባዋል። በጎማው ጎን የታተሙትን አራት አኃዞችም ማንበብ አለበት፤ ለምሳሌ 2319 የሚል ቢያገኝ፣ ጎማው የተሠራው በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2019 በ23ኛው ሳምንት መሆኑን ይረዳል። ይህን ሁሉ አድርጎም ተሳቢው መወዛወዝ ቢጀምር፣ ሹፌሩ መሪውን ሳያወናጭፍ ቀጥ አድርጎ ይዞ፣ ነዳጅ መስጫውን ለቆ፣ ፍጥነቱን ቀስ በቀስ ይቀንስ።

ለ. ማስታወሻ

በምንባቡ ውስጥ ያሉት አያያዦች እንደ አገልግሎታቸው በአራት ይከፈላሉ።

1. ጊዜን የሚያመለክቱ፦ «ከ… በኋላ»፣ «በ… ጊዜ»።
2. ምክንያትን የሚያመለክቱ፦ «ስለ…»፣ «በ… ምክንያት»፣ «በዚህም የተነሣ»።
3. ሁኔታን የሚያመለክት፦ «ቢ…»። ለምሳሌ «በልኩ በተነፋ ጎማ ቢተካ ተሳቢው ይረጋል» ሲባል፣ ውጤቱ የሚገኘው ሁኔታው ሲሟላ ብቻ ነው።
4. መደምደሚያን የሚያመለክቱ፦ «ስለዚህ»፣ «እንግዲህ»፣ «ስለሆነም»።

ምክንያትን በሚያመለክት አያያዥ ከመጠቀማችሁ በፊት ራሳችሁን ሁለት ጥያቄ ጠይቁ። አንደኛ፣ ምክንያቱ ወደ ውጤቱ የሚደርሰው በምን መንገድ ነው? ሁለተኛ፣ በዚያው ጊዜ አብሮ የተለወጠ ሌላ ነገር አለን? ጎማው በተለወጠበት ቀን ጭነቱም ተለውጦ ሊሆን ይችላል። ለሁለቱ ጥያቄዎች መልስ ካላገኛችሁ «ከ… በኋላ» ብላችሁ ጻፉ። እንዲህ ብሎ የጻፈ ሰው ያየውን ብቻ መስክሯል፤ አንባቢውም ምርመራውን እንዲቀጥል በሩን ክፍት ትቶለታል።

ሐ. መልመጃ

1. ከጥንድ ጎማዎች አንዱን ብቻ መለወጥ የሚያስከትለውን ጉዳት ምንባቡን ሳትመለከቱ በሦስት ዓረፍተ ነገሮች ግለጹ።
2. ከምንባቡ ውስጥ ምክንያትን የሚገልጹ ሦስት ዓረፍተ ነገሮችን አውጥታችሁ፣ ምክንያቱንና ውጤቱን ለይታችሁ አመልክቱ።
3. «ነፋሱ ከበረታ በኋላ ተሳቢው ተገለበጠ» የሚለውን ዓረፍተ ነገር በ«ስለ…» አያያዥ ለውጣችሁ ጻፉ። ከዚያም እንዲህ ብሎ ለመደምደም ምን ምን ማስረጃ እንደሚያስፈልግ አስረዱ።
4. በአካባቢያችሁ የአንድ መሣሪያ ክፍል ሲለወጥ ያያችሁትን ለውጥ መነሻ በማድረግ፣ ከአንድ ገጽ ያልበለጠ አስረጂ ድርሰት ጻፉ። ያያችሁትንና የደመደማችሁትን ለይታችሁ አስቀምጡ።