ባለ ውለታውን ፍለጋ የወጣ ልጅ
ስለ መጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ፣ ለምእመናንና ለትምህርተ ክርስቶስ መምህራን የቀረበ ጥናት



በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 40 የተጻፈውን የግብፅ እስረኞች ታሪክ ሁላችንም እናውቀዋለን። ዮሴፍ በወኅኒ ቤት ሳለ የፈርዖንን ጠጅ አሳላፊ ሕልም ፈታለት። ስለ ድካሙ የለመነው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ከዚህ በወጣህ ጊዜ አስበኝ የሚል። ሰውየው እንደ ተነገረው ከእስር ወጣ፣ ወደ ሹመቱም ተመለሰ፤ ዮሴፍን ግን ረሳው። ዮሴፍም ሁለት ዓመት በወኅኒ ተቀመጠ።

ይህ ጠጅ አሳላፊ አእምሮው የታወከ ሰው አልነበረም። ጽዋው ለንጉሡ መቼና እንዴት እንደሚቀርብ አልጠፋውም፤ የጠፋው በመከራው ቀን ያጽናናው ሰው ነው። ስለዚህ መርሳት ሁለት ዓይነት መሆኑን እንረዳለን። አንደኛው በዕድሜና በደዌ የሚመጣው ነው፤ አረጋውያን እናቶቻችንና አባቶቻችን የገዛ ልጆቻቸውን ስም ሲስቱ የምናየው ነው። ይህ ርኅራኄና ትዕግሥት እንጂ ወቀሳ አይገባውም። ሁለተኛው የልብ መርሳት ነው፤ ሀገራችን እንዲህ ያለውን ሰው «ወጪት ሰባሪ» ብላ ትጠራዋለች። በዛሬው ጥናታችን ይህን ሁለተኛውን መርሳት እንመለከታለን። ለዚህም ከወጣቶቻችን ጋር ልናነበው የሚገባ አንድ አጭር መጽሐፍ እናቀርባለን።

1. መጽሐፉና ደራሲው

መጽሐፉ በ1900 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1908) በሮም ከተማ ታተመ። በሽፋኑ ላይ የተሰጠው ስም «ልብ ወለድ ታሪክ» የሚል ነበር፤ በኋላ ግን በታሪኩ ውስጥ ባለችው ልጃገረድ ስም «ጦቢያ» ተብሎ ታወቀ። በአማርኛ ከተጻፉት ልብ ወለዶች ሁሉ የመጀመሪያው ነው። እንዲያውም ዛሬ «ልብ ወለድ» ብለን ለዚህ ዓይነቱ ድርሰት የምንሰጠው ስም የመጣው ከዚሁ መጽሐፍ ነው። ስለዚህ ለደራሲው የመጀመሪያ የሆነው ልብ ወለድ ለቋንቋችንም የመጀመሪያ ሆኖ ተገኝቷል።

ደራሲው ነጋድራስ አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በጣና ሐይቅ ዳር በዘጌ ተወለዱ። በወጣትነታቸው ወደ ኢጣልያ ተልከው በቶሪኖ ከተማ የሥዕል ትምህርት ተማሩ፤ በኋላም በናፖሊ የአማርኛ መምህር ሆኑ። መጽሐፉን የጻፉት ከሀገራቸው ርቀው ሳሉ ነው። አማርኛቸው የበለጸገ ስለሆነ ለዛሬ ወጣት አንዳንዱ ቃል ይከብደዋል፤ መምህሩ ድምፁን ከፍ አድርጎ እያነበበ፣ እየተረጐመም ቢያስኬደው ይረዳል።

2. ታሪኩ ባጭሩ

በአንድ ክርስቲያን ሕዝብና ክርስቲያን ባልሆነ ንጉሥ መካከል ጦርነት ይነሣል። ክርስቲያኖቹ ድል ይሆናሉ፤ የጦር አለቃቸውም ተማርኮ ለባርነት ይሸጣል። ይህ ሰው ዋህድና ጦቢያ የሚባሉ መንታ ልጆች አሉት። ቤታቸው በአንድ ቀን ከክብር ወደ ድህነት ይወርዳል። ወጣቱ ዋህድ አባቱን የሚያስለቅቅበት ገንዘብ ሲጨንቀው አንድ ነጋዴ ያገኘዋል፤ ታሪኩን ሰምቶ ልቡ ይነካል፣ ገንዘቡንም ይሰጣል። አባትም ነጻ ወጥቶ ወደ ቤቱ ይመለሳል።

ተራ ተረት ቢሆን ኖሮ እዚህ ላይ ባለቀ ነበር፤ የመጽሐፉ ዋና ጉዞ ግን የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው። ዋህድ ያንን ነጋዴ ፍለጋ ከቤቱ ይወጣል። በመንገድ ላይ በባሪያ ፈንጋዮች እጅ ይወድቅና እርሱም በተራው ይሸጣል። አባቱና እኅቱ ደግሞ እርሱን ፍለጋ ይነሣሉ፤ ጦቢያ በመንገድ እንዳትደፈር የወንድ ልብስ ለብሳ ትሄዳለች። እነርሱም በዚያው በድል አድራጊው ንጉሥ ሰዎች እጅ ይገባሉ። የንጉሡ ዘመድ ጠዋበች ጦቢያን ወንድ መስላት በፍቅር ትያዛለች። ከብዙ እንግልት በኋላ ምሥጢሩ ይገለጣል፣ ቤተሰቡም ይገናኛል። ንጉሡ ክርስትናን ተቀብሎ ጦቢያን ያገባል፤ ዋህድም ጠዋበችን ያገባል።

3. ከታሪኩ የምናገኘው ትምህርት

ሀ) ቤዛ ማለት ዋጋ ነው። በጸሎታችንና በመዝሙራችን «ቤዛችን» የሚለውን ቃል ሳንጠራ የምናልፍበት እሑድ የለም። ልጆች ግን ትርጉሙን ስንጠይቃቸው «አዳኛችን» ብለው ያልፋሉ። ቃሉ የምርኮኛና የገበያ ቃል ነው፤ የተሸጠውን ሰው ለማስለቀቅ የሚከፈል ዋጋ ማለት ነው። በዚህ መጽሐፍ ውስጥ ዋጋው በእርግጥ ተቈጥሮ ይከፈላል፤ ሰውም በእርግጥ ሰንሰለቱ ይፈታለታል።

ይህ ለእኛ ለወሎዎች የሩቅ ነገር አይደለም። ወደ ቀይ ባሕር ዳርቻ ይወርዱ የነበሩት የነጋዴ ጓዞች በወሎ ምድር ሲያልፉ ከዝሆን ጥርሱ ጋር ሰውም ይነዱ ነበር። ባርነት በሕግ ፈጽሞ የተከለከለው በ1934 ዓ.ም. ነው፤ ይህም የአያቶቻችን ዘመን ነው። ዛሬም በጠብ ጊዜ «ባርያ» የሚለው ስድብ ከአንደበታችን የሚወጣ ከሆነ፣ በክርስቶስ የተገዛን መሆናችንን ረስተናል ማለት ነው። የተገዛ ሰው ሌላውን የተገዛ ሰው የሚንቅበት ምክንያት የለውም።

ለ) ምስጋና ወደ ኋላ መመለስን ይጠይቃል። ዋህድን ማንም አላስገደደውም። አባቱ ቤቱ ገብቷል፤ ነጋዴውም መንገዱን ሄዷል። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 17 ጌታችን ያነጻቸው ለምጻሞች ዐሥር ነበሩ፤ ሊያመሰግን የተመለሰው አንድ ብቻ፣ እርሱም ሳምራዊ ነበር። ዘጠኙ ክፉ ነገር አልሠሩም፤ እንደ ታዘዙት ወደ ካህናት ሄዱ። የጐደላቸው መመለስ ብቻ ነው። ዋህድ ግን ከአንደኛው ወገን ሆነ። የተመለሰበትም መንገድ ዋጋ አስከፈለው፤ አባቱ የወጣበት ባርነት ውስጥ ራሱ ገባ። ምስጋና በአፍ ብቻ የሚፈጸም ነገር አለመሆኑን ደራሲው በዚህ አሳይተውናል።

የመጽሐፈ ጦቢትን ታሪክ የሚያውቁ አንባብያን እዚህ ላይ የሚያስቡት ነገር ይኖራል። በዚያም አባት በምርኮ ምድር ነው፣ ልጅም ገንዘብ ለማምጣት መንገድ ይወጣል። ጉዞው በደኅና ሲፈጸም አባትና ልጅ አስቀድመው የተነጋገሩት ስለ መንገድ ጓደኛው ዋጋ ነው። የተገኘውን ሁሉ እኩሌታ ሊሰጡት ወሰኑ፤ ጓደኛውም መልአኩ ሩፋኤል መሆኑን የገለጠላቸው ያን ጊዜ ነው። ውለታን ያሰበ ሰው ያላሰበውን አገኘ።

4. በማስተዋል ሊነበብ የሚገባው ፍጻሜ

መምህራን ሆይ፣ መጽሐፉ የሚፈጸምበትን ነገር ሳንመረምር ልናልፈው አይገባንም። በድርሰቱ ሰላም የሚወርደው ንጉሡና ሕዝቡ በሙሉ ክርስቲያን ሲሆኑ ነው። ደሴና ኮምቦልቻ ላይ ተቀምጦ ይህን የሚያነብ ሰው ግን ከጎረቤቱ ጋር ነው የሚያነበው። በአንድ ቤት ውስጥ እስላምና ክርስቲያን ወንድማማቾች፣ በአንድ ለቅሶ ቤት ሼኽና ቄስ አብረው የሚቀመጡበት ሀገር ነው።

ከደሴ በስተ ሰሜን ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቆ ቦሩ ሜዳ ይገኛል። በ1870 ዓ.ም. አጼ ዮሐንስ 4ኛ በዚያ ጉባኤ አድርገው የወሎ እስላሞች ክርስትናን እንዲቀበሉ ታዘዘ። ኢማም መሐመድ ዓሊ ተጠምቀው ሚካኤል ተባሉ፤ በኋላም ንጉሥ ሚካኤል ሆነው በደሴ ነገሡ። ሼኽ ጦልሃን የመሰሉ ግን እምቢ ብለው ለትግል ተነሡ። ቀን ክርስቲያን መስለው ማታ በእስልምናቸው የጸለዩም ነበሩ። በዚሁ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1879፣ ካቶሊካዊው ጳጳስ አባ ማስያስ ከሸዋ እንዲወጡ ተደረገ። ስለዚህ በሃይማኖት ምክንያት መገፋት ምን እንደሆነ የእኛም ቤተ ክርስቲያን ታውቀዋለች። ካቶሊካዊት ቤተ ክርስቲያን በሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ፣ እ.ኤ.አ. በ1965 ባወጣችው የሃይማኖት ነጻነት መግለጫ፣ ማንም ሰው ሊያምን እንደማይገደድ አስተምራለች። የንጉሡን መለወጥ ለወጣቶች ስናነብ ይህን ሁሉ አብረን እንንገራቸው። ቦሩ ሜዳን የረሳ መምህር የ«ጦቢያ»ን ፍጻሜ በትክክል ሊያስተምር አይችልም።

5. የደራሲው ሕይወት የሚያስነሣው ጥያቄ

ሌላም ከባድ ነገር አለ። ውለታን ስላልረሳ ቤተሰብ የጻፉት ሰው፣ ፋሽስት ኢጣልያ ሀገራችንን በወረረችበት ጊዜ ከወራሪው ጋር አበሩ። ከነጻነት በኋላ ተፈርዶባቸው በጅማ በግዞት ተቀመጡ፤ የዓይናቸውንም ብርሃን አጥተው በ1940 ዓ.ም. ዐረፉ። ታዲያ መጽሐፋቸውን እንጣለውን? ወይስ መጽሐፉን ወደን በደላቸውን እንርሳ?

ሁለቱም መንገድ ከመርሳት የሚቈጠር ይመስለናል። መጽሐፉን ብንጥል ቋንቋችን የተቀበለውን ስጦታ እንረሳለን፤ በደሉን ብንሸፍን የተገደሉትን ወገኖቻችንን እንረሳለን። «የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም» ይባላል። ይህ ቃል እኛንም ይመለከታል፤ በወረራው ዘመን ከኢጣልያ ጳጳሳትና ካህናት ብዙዎች ለወራሪው ጦር የድጋፍ ቃል ተናግረዋልና።

ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ ጳውሎስ ዳግማዊ በኢዮቤልዩ ዓመት፣ እ.ኤ.አ. መጋቢት 12 ቀን 2000፣ በቅዱስ ጴጥሮስ ባዚሊካ የቤተ ክርስቲያን ልጆች ስለ ሠሩት በደል በግልጽ ይቅርታ ለምነዋል። እውነትን በማገልገል ስም በኃይል የተሠራውም ከተዘረዘሩት በደሎች አንዱ ነበር። ይህን ሥራ «ትውስታን ማንጻት» ብለው ሰየሙት። ማንጻት ማለት መደምሰስ አይደለም፤ ቁስል ሲታጠብ እንጂ ሲሸፈን አይድንም። ቅዱስ አውጎስጢኖስም በኑዛዜው መጽሐፍ የወጣትነት ኃጢአቱን አንድ በአንድ የዘረዘረው በዚህ ምክንያት ነው፤ ምን ያህል ዕዳ እንደ ተተወለት እንዳይረሳ ብሎ ነው። የምስጢረ ንስሐ ሥርዓታችንም በኅሊና ምርመራ መጀመሩ፣ ማለትም በማስታወስ መጀመሩ፣ ትርጉም አለው። ሰው ያላስታወሰውን በደል ሊናዘዝ፣ ያላስታወሰውንም ውለታ ሊመልስ አይችልም።

6. በእኛ ዘመን

በጥቅምት 2014 ዓ.ም. መጨረሻ ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ደረሰ። እስከ ኅዳር መጨረሻ ድረስ ሁለቱም ከተሞች በጦርነት እጅ ቈዩ። ስንቱ ቤቱን ትቶ በእግሩ ተሰደደ! ስንቱ የማያውቀው ሰው ደጅ አንኳኳ! በር ከፍቶ ያስገባ፣ እንጀራውን የቈረሰ፣ ሕፃን በጀርባው አዝሎ ያሻገረ ሰው ነበረ። ከእነርሱ ብዙዎቹን ስማቸውን እንኳ አልጠየቅናቸውም።

ከወጣቶቻችን ጋር ይህን መጽሐፍ ስናነብ፣ አንዲት ልጅ ዋህድ ነጋዴውን ፍለጋ የወጣበት ቦታ ላይ አቋረጠችንና «እኛም እኮ ያስጠለሉንን ሴትዮ ሄደን አላየናቸውም» አለች። ክፍሉ ጸጥ አለ። በደሉን ሁላችንም እናስታውሳለን፤ ማን ምን እንደ ወሰደብን ቈጥረን እንናገራለን። ያስጠለሉንን ግን አልቈጠርናቸውም። የበደልን መዝገብ ጠብቆ የውለታን መዝገብ መጣል፣ ያ ጠጅ አሳላፊ ከሠራው የሚለይ አይደለም። ከዚያ ቀን በኋላ ልጅቷና እናቷ አንድ ኪሎ ቡና ይዘው ወደ ሴትዮዋ መንደር መሄዳቸውን ሰምተናል። ሴትዮዋ እስላም ናቸው። ከዚህ የተሻለ ማብራሪያ ለዚህ መጽሐፍ ልንጽፍ አንችልም።

ለቡድን መወያያ የሚሆኑ ጥያቄዎች

1ኛ/ ከዐሥሩ ለምጻሞች ዘጠኙ ያልተመለሱት ለምን ይመስላችኋል? እኛስ ከየትኛው ወገን ነን?

2ኛ/ ዋህድ አባቱ ከተፈታ በኋላ በቤቱ ቢቀር ኖሮ በደለኛ ይባል ነበርን?

3ኛ/ ቤዛ የሚለውን ቃል ለሰባት ዓመት ልጅ በምን ምሳሌ ታስረዱታላችሁ?

4ኛ/ ደግ ሥራ የሠራና በኋላ የበደለ ሰው እንዴት ሊታሰብ ይገባል?

ለቤት ሥራ፦ እያንዳንዱ ወጣት በመከራ ቀን የረዳውን አንድ ሰው ስም ይጻፍ። ስሙን የማያውቅ ከሆነ ከቤተሰቡ ይጠይቅ። እስከሚመጣው ስብሰባችንም ሰውየውን ሄዶ ይጐብኝ። ያ ሰው ዐርፎ ከሆነ ልጆቹን ይጐብኝ፤ በመሥዋዕተ ቅዳሴም ስሙን ያስጠራ።

በቤዛነቱ የገዛን ጌታ የተቀበልነውን የማይረሳ ልብ ይስጠን።