ጎልማሶችን በእጅ ስልክ ስለ ማስተማር፤ ለመንዝ፥ ለግሼና ለመርሐቤቴ መምህራንና ሽማግሎች

ፊደል የቈጠረ ሰው የሚያነበው ካጣ ፊደሉ ከእጁ ይወጣል። ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በኢትዮጵያ ሲጀመር ሽማግሌው ከልጅ ልጁ ጋር፥ ባልቴቲቱ ከምራቷ ጋር በአንድ ጣራ ሥር ተቀምጠው ሀ ሁ አሉ። ትምህርቱ እያደገ ሄዶ በ15 ቋንቋዎች ተሰጠ፤ ሁሉም በግዕዝ ፊደል ተጻፈ። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1980 ዘመቻው በዩኔስኮ በኩል የሚሰጠውን የማንበብና የመጻፍ ሽልማት አገኘ። ነገር ግን ወደ ገጠር የሚደርስ መጽሐፍና ጋዜጣ እጅግ ጥቂት ነበረ። ስለዚህ ያን ጊዜ ስሙን ጽፎ ከፈረመው ሰው ብዙው ዓመታት ካለፉ በኋላ ወደ አውራ ጣቱ ተመለሰ። ጥፋቱ የተማሪው አይደለም፤ ዳዊት የደገመ ዲያቆን እንኳ ሳያነብ ቢቀመጥ ምላሱ ይተሳሰራል።

ዛሬ ግን በገጠሩ ቤት ሳይቀር የሚነበብ ነገር ገብቷል፤ ይኸውም የእጅ ስልክ ነው። የግዕዝ ፊደል እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1999 ዩኒኮድ በሚባለው የዓለም ፊደላት መዝገብ ስለ ገባ፥ ከዚያ ወዲህ የተሠሩት መሣሪያዎች ቀስ በቀስ ፊደሉን ሳያበላሹ መለዋወጥ ቻሉ። በአዲስ አበባ ወይም በዓረብ አገር ያለች ልጅ ለእናቷ የምትልከው ቃል በአማርኛ ተጽፎ ይደርሳል። እናቲቱ ማንበብ ካልቻለች ግን ስልኩን ይዛ ወደ ጎረቤት ትሄዳለች፤ የልጇን ሕመም፥ የደመወዟን መቅረት፥ የምስጢሯን ነገር ሁሉ አስቀድሞ የሚያውቀው ሌላ ሰው ነው። ጎልማሶችን ለማስተማር የሚነሣ መምህር ከዚህ የበለጠ ምክንያት መፈለግ አያሻውም።

ለዚህ ሥራ የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ሥርዓት ይረዳል። በዚያ ተማሪው ቀን በብርሃን ንባቡን ይቀጽላል፤ ማታ በጨለማ የቃል ትምህርት ከመምህሩ አፍ እየተቀበለ ያጠናል። ስልክም እንዲሁ ሁለቱን ይሰጣል፤ ድምፅን ለጆሮ፥ ፊደልን ለዓይን።

ስለ ድምፁ አስቀድሞ መናገር ይገባል። በ2006 ዓ.ም. የግብርና ትራንስፎርሜሽን ኤጀንሲ ከግብርና ሚኒስቴርና ከኢትዮ ቴሌኮም ጋር ሆኖ ለገበሬዎች 8028 የተባለ የስልክ ቍጥር ከፈተ። አገልግሎቱ ሲከፈት ያለ ክፍያ ነበረ። ደዋዩ ቋንቋውን ይመርጣል፤ ቀጥሎ የሚነገረውን ቍጥር እየተጫነ ስለ ገብስ ወይም ስለ ስንዴ፥ ስለ አስተራረስ፥ ስለ ዘር፥ ስለ ማዳበሪያና ስለ አጨዳ ምክር ይሰማል። ማንበብ የማይችል ሰው ሊጠቀምበት መቻሉ ትልቅ ነገር ነው። እንዲህ ያለውን ምክር ድምፁን ከፍ አድርገው በመካከል ቢያኖሩት፥ ሴቶች የበግ ጠጕር እየፈተሉ፥ ወንዶች ገመድ እየገመዱ ይሰሙታል። ሆኖም መስማት ብቻውን ትምህርት አይባልም። መምህሩ ከሰሙት ውስጥ ሦስት ወይም አራት ቃል መርጦ፥ «ገብስ»፥ «ውርጭ»፥ «ዘር» ብሎ በሰሌዳ ይጻፍ፤ ተማሪዎቹም እየደጋገሙ ያንብቡ። ከዚያ በኋላ ክርክር ይፈቀድ። ድምፁ የሚናገረው ለሰፊ አገር ነው እንጂ ለአንድ ጋራ አይደለም፤ ለመሐል ሜዳ ውርጭና ለበልግ ገብስ የሚስማማው ምክር፥ ከዓለም ከተማ ወደ ጀማ ወንዝ ወርዶ ማሽላ ለሚዘራ ሰው አይስማማም። ስለዚህ አንድ የሸመገለ ገበሬ «ይህ በእኛ መሬት አይሆንም» ቢል መምህሩ ዝም አያሰኘው፤ ምክንያቱን ጠይቆ የእርሱንም ቃል በሰሌዳ ይጻፍለት። የገዛ ቃሉን ተጽፎ ያየ ሽማግሌ በሚቀጥለው እሑድ አይቀርም።

በመንዝ ደግሞ የበጉ ነገር አለ። በ2001 ዓ.ም. ገደማ በሞላሌና በመሐል ሜዳ አካባቢ ገበሬዎች ከደብረ ብርሃን የግብርና ምርምር ማእከል ጋር ሆነው አውራ በጋቸውን በኅብረት እየመረጡ ማራባት ጀመሩ። ምርጫው በዓይን ግምት ብቻ አይደለም፤ የጠቦቱ እናት፥ የተወለደበት ቀንና ክብደቱ በመዝገብ ይጻፋል። መዝገቡን ማንበብ የማይችል ባለ በግ ግን ስለ ገዛ በጉ የሌላውን ቃል አምኖ ይቀመጣል። መምህሩ እንዲህ ያለውን መዝገብ መማሪያ ቢያደርገው ቍጥርና ንባብ በአንድነት ይሰጣል።

ወደ ንባብ ሲሻገሩ አጭር መልእክት ይበቃል። መምህሩ በየማታው ሦስት ቃል ብቻ ይላክ፤ ተማሪው አንብቦ በአንድ ቃል ይመልስ። እዚህ ላይ ሁለት እንቅፋት አለ። ከስልክ መጻፊያዎች ብዙዎቹ የአማርኛውን ፊደል የሚያወጡት በላቲን ፊደል ድምፅ ነው፤ ላቲን ለማያውቅ ጎልማሳ ይህ ሁለት ፊደል በአንድ ቀን እንደ መማር ይከብዳል። ስለዚህ ሀ ሁ ሂ በገጹ ላይ ተደርድሮ የሚታይበትን መጻፊያ መርጦ መስጠት ይገባል። ሁለተኛው ይከፋል። ስልኩ ድምፅ ቀድቶ መላክ ስለሚችል፥ ተማሪው መጻፉን ትቶ በአፉ ተናግሮ ይልካል፤ እንዲህ ከሆነ ፊደልን ሊያድን የመጣ ዕቃ ፊደልን ያስረሳል። መምህሩ በትምህርት ሰዓት የድምፅ መልስ አይቀበል።

ከግንቦት 2013 ዓ.ም. ወዲህ ቴሌብር በሚባለው አገልግሎት ገንዘብም በስልክ ይላካል፤ አታላይም በዚያው መንገድ ይመጣል። «ዕጣ ወጥቶልዎታል፤ የምስጢር ቍጥርዎን ይንገሩ» የሚል ቃል የመጣለት ሰው ለማንም እንዳይናገር አስቀድሞ ይማር። ይህ ከአቡጊዳ በፊት ቢሰጥ አይነቀፍም፤ የበጉን ዋጋ በስልክ የተሰረቀ ሰው ስልክ ይዞ ወደ ትምህርት አይመለስም።

ኢንተርኔትን ግን ተማምኖ መቀመጥ አይገባም። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል ግጭቱ በበረታ ጊዜ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ የእጅ ስልክ ኢንተርኔትም ተቋረጠ፤ በብዙ ስፍራ ለረዥም ጊዜ ሳይመለስ ቈየ። ትምህርቱን ሁሉ በዚያ ያኖረ ሰው እንዲህ ባለ ጊዜ ባዶ እጁን ይቀራል። ስለዚህ መምህሩ በገበያ ቀን ወደ ከተማ በወጣ ጊዜ የሚያስፈልገውን ንባብና ድምፅ ወደ ስልኩ አውርዶ ይመለስ፤ የሚነበበውንም ወደ ደብተር ያስገልብጥ። ቁም ጽሕፈት የሚያውቅ ካህን በየደብሩ አይጠፋም፤ ለዚህ ሥራ ቢለመን እምቢ አይልም። ደብተሩም በሰንበቴ ቤት ይቀመጥ፤ ማኅበርተኛው ጸበል ጻዲቁን ከቀመሰ በኋላ በየተራ አንድ አንድ ገጽ ይነበብ። ፊደል በቅርቡ የለየው አስቀድሞ ያንብብ፤ ዲያቆኑ ኋላ ይድረሰው።