አሮጌ አውቶሞቢል ሲገዛ ምን መታየት አለበት?

በዚህ የግድግዳ ጋዜጣ ላይ ስለ ትምህርት መርጃ መሣሪያ አሠራርና ስለ ክፍል አያያዝ ብዙ ተጽፏል። እኔ ዛሬ የምጽፈው ስለ መኪና ነው። «የመምህር ደመወዝና መኪና ምን አገናኛቸው?» የሚል እንደማይጠፋ አውቃለሁ፤ እኔም እንደዚያው ስል ነበር። ነገር ግን ጉዳዩ እቤታችን ድረስ መጥቶ ስላየሁት፣ እንዲሁም ደብተሬ ላይ የገለበጥኩት ፊዚክስ ለመጀመሪያ ጊዜ ሥራ ሲሠራ ያየሁት በዚያ ሰሞን ስለሆነ፣ ቢጻፍ ይጠቅማል ብዬ አሰብኩ።

አጎቴ ቢቸና ውስጥ ከሠላሳ ዓመት በላይ ያስተማሩ ሰው ናቸው። ባለቤታቸው እትዬ ደግሞ የወገብ ዲስክ ሕመም አለባቸው። ለክትትል በደጀን አድርገው ደብረ ማርቆስ መመላለስ ነበረባቸው። ሐኪሙ «መንገጫገጭ ይቅርብዎ» ብሏቸዋል። ታዲያ በሚኒባስ የኋላ ወንበር ላይ ተጣብቆ ሄዶ እንዴት ነው መንገጫገጭ የሚቀረው? ደርሰው በተመለሱ ቁጥር ሁለትና ሦስት ቀን ከአልጋ አይነሡም ነበር። ስለዚህ በእኛ ቤት «የምትመች መኪና» ሲባል የቅንጦት ወሬ አልነበረም።

አጎቴ ባሕር ዛፋቸውን ሸጡ፣ ዕቁብም ደረሳቸው፤ ከቁጠባቸው ጋር ተደምሮ 330,000 ብር ሆነ። በጥር ወር 2013 ዓ.ም. ትምህርት ለዕረፍት ሲዘጋ እኔን አስከትለው አዲስ አበባ ገቡ። ያን ጊዜ የ9ኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ።

በመሠረቱ በብዙ አገር መኪና ባረጀ ቁጥር ዋጋው ይወርዳል። በእኛ አገር ግን ከእኔ ዕድሜ እጥፍ ያላት መኪና የመምህርን የብዙ ዓመት ደመወዝ ትጠይቃለች። ምክንያቱም ከውጭ የሚገባው መኪና የሚጫንበት ቀረጥና ታክስ ከባድ ነው። ይልቁንም የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ከአዲሱ ያገለገለው፣ ካገለገለውም ይበልጥ ያረጀው ብዙ እንዲከፍል አድርጓል። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከልክሏል። እንግዲህ የቤንዚን መኪና ፈላጊ የሚመርጠው እዚሁ ከእጅ ወደ እጅ ከሚዞሩት መካከል ነው ማለት ነው። ስለዚህም እያንዳንዷ አሮጌ መኪና ብዙ ባለቤት፣ ብዙ ጋራዥ፣ አንዳንዴም ብዙ ግጭት አሳልፋለች።

ከቢቸና ከመነሣታችን በፊት አጎቴ አንድ የሰፈር መካኒክ አማክረው ነበር። ሰውየው ስለ ሞተር አንድም ቃል ሳይናገር «ሶማሌ ተራ ዕቃው የሞላለትን ግዙ። እኔ እዚህ ፈትቼ የማልገጥመውን መኪና ይዛችሁ እንዳትመጡብኝ» አለ። አጎቴ ግን ለአዲስነቷ ሲሉ ልባቸው አገር ውስጥ ከተገጣጠሙት የቻይና መኪኖች ላይ ነበር። ሆላንድ ካር የሚባለው ድርጅት «አባይ» ብሎ ያወጣት መኪና ነበረች፤ ለጎጃም ሰው ስሟ ብቻውን ይሸጣታል። ይሁን እንጂ ድርጅቱ ከዓመታት በፊት ስለከሰረ ነገ ዕቃዋን ማን ያመጣልናል ተብሎ ቀረ።

ሁለተኛው ምኞታቸው ቮልስ ነበረች። የቮልስ ሞተር ከኋላ ሆኖ በአየር ስለሚቀዘቅዝ ራዲያተር የሚባል ነገር የላትም፤ ውኃዋ አይፈላም። ነገር ግን በሯ ሁለት ብቻ ነው። ወገቡን የሚያመው ሰው የፊቱን ወንበር አጥፎ፣ ጎንበስ ብሎ ከኋላ ይግባ ማለት አይቻልም። እዚህ ላይ አጎቴ የሠሩትን ልንገራችሁ። እትዬ ሳይጨነቁ የሚነሡበትን የቤታችንን ወንበር ቁመት በክር ለክተው፣ ክሩን ቋጥረው በኪሳቸው ይዘው ነበር። በየመኪናው በር ከፍተው ክሩን ከመሬት እስከ መቀመጫው ይዘረጋሉ። ደላሎቹ ሳቁባቸው፤ እኔም፣ እውነቱን ለመናገር፣ አፍሬ ዞር አልኩ። አሁን ሳስበው ግን ከዚያ የተሻለ የምቾት መለኪያ አላውቅም።

የመጀመሪያዋ መኪና ቀይ ናት፤ እንደ መስታወት ታበራለች። የወንበሯ ልብስ ከፋይ ነው፣ ሽቶ ተንጠልጥሎባታል። አጎቴ ወደዷት። ደላላውም «መምህር፣ ለእርስዎ የተሠራች እኮ ናት! ቀብድ ይጣሉና እንጨርስ» እያለ ያጣድፋል። እኔ ከተበላሸ ሬዲዮ ድምፅ ማጉያ የፈታሁት ማግኔት ነበረኝ፤ ለሳይንስ ክበብ የሠራሁበት ነው። ቀለም እንዳይጭር በስስ ጨርቅ ጠቀለልኩና በቆርቆሮዋ ላይ አስኬድኩት። ከፊት ጥሩ ያዘ። በግራ በኩል የኋላው በር ላይ ስደርስ ግን ለቀቀና መሬት ወደቀ። እንደገና አስጠጋሁት፤ እንደገና ወደቀ። ማግኔት ብረትን እንጂ ስቱኮን እንደማይስብ ሁላችንም ተምረናል። ከበሩ ጀምሮ እስከ ምሰሶው ድረስ ቀለሙ ሥር ያለው ላሜራ ሳይሆን በወፍራሙ የተለሰነ ስቱኮ ነበር። ተጋጭታ የተጣመመች መኪና ደግሞ ወንበሯ ምንም ቢለሰልስ ቀጥ ብላ አትሄድም፤ ጎማ ትበላለች፣ ትንቀጠቀጣለች። ኮፈኗን በእጃችን ብንነካው ሞቅ ብሏል፤ ገና ከጧቱ 1 ሰዓት ነው። አስቀድሞ የተሞቀ ሞተር ሲነሣ የሚያስቸግረውንም፣ መጀመሪያ የሚተፋውንም ጭስ ይደብቃል። አጎቴ እጃቸውን ከኪሳቸው ባዶውን አወጡ።

ስለ ጭስ ካነሣሁ አይቀር፦ ሰማያዊ ጭስ ሞተሩ ዘይት እንደሚያቃጥል ያሳያል፤ ጥቁር ከሆነ ቤንዚኑ በዝቷል፤ ሞተሩ ሞቆ እንኳ የማይቆም ነጭ ጭስ ከሆነ ውኃ ወደ ሞተሩ እየገባ ይሆናል። የዘይት መሙያው ክዳን ሥር ወተት የመሰለ ነገር ከታየም ውኃና ዘይት ተገናኝተዋል ማለት ነው፤ ያን ጊዜ ዋጋ መከራከር ትቶ መሄድ ነው።

ሁለተኛዋ ላዳ ናት። ላዳ ከፊያት 124 የተወለደች ስትሆን ሶቪየቶች ለራሳቸው ሻካራ መንገድ ብለው አጠንክረዋታል። ዋጋዋም ካየናቸው ሁሉ የረከሰ ነበር። ነገር ግን ሻጩ ባለቤቷ አይደለም፤ ውክልና የያዘ ሰው ነው። «ባለቤቱስ?» ሲባል «አለ» ይላል፤ የት እንዳለ ግን አይናገርም። አጎቴ ሁለት ቀን ጠይቀው ሲያጣሩ ሰውየው ሞቷል። በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን መሠረት ወካዩ ሲሞት ውክልናውም አብሮት ያበቃል። ገንዘቡን ከፍለን ከወራሾች ጋር ፍርድ ቤት ልንመላለስ ነበር ማለት ነው። ስለዚህ ሊብሬው ላይ ያለውን ስም ከሻጩ መታወቂያ፣ የሻንሲና የሞተር ቁጥሩን ደግሞ ብረቱ ላይ ከተመታው ጋር ማስተያየት ግድ ነው። እዳ ወይም እግድ እንደሌለባት፣ ከቀረጥ ነፃ የገባች አለመሆኗንም ከመዝገቡ ማጣራት ያስፈልጋል። ይህን ሥራ ለደላላ መተው አይገባም።

ሦስተኛዋ ኮሮላ ዲኤክስ ነበረች፤ በአውሮፓውያን 1980ዎቹ የተሠራች። ቀለሟ የደበዘዘ፣ አንድ ወንበሯ የተቀደደ፣ ግምባሯ ጎድጎድ ያለ ነው። ማግኔቱ ግን ከዳር እስከ ዳር ያዘ። ሞተሯ እንደ ድንጋይ ቀዝቅዞ አገኘነው፤ በሁለተኛው ተነሣች። ከአጎቴ ክር ጋር የነበራት ልዩነት የአውራ ጣት ስፋት ታህል ነው። ደላላው ራሱ ብዙም አላሞገሳትም። እንዲያውም «እቺን እንኳ ተዉአት፣ ሌላ አሳያችኋለሁ» ብሎን ነበር።

የተቀደደ ወንበር ሰፊ ይሰፋዋል። ምቾት የሚመጣው ከወንበሩ ሳይሆን ከሥሩ ነው። ጎማው ድንጋይ ሲመታ ሞላው ይጨመቅና ጉልበቱን ያጠራቅማል። ሞላው ብቻውን ቢሆን መኪናዋ እንደ ኳስ እየነጠረች ትሄድ ነበር። አሞርዛተሩ፣ አንዳንዱ ሾክ የሚለው፣ ያንን ጉልበት በውስጡ ባለው ዘይት ወደ ሙቀት ለውጦ ያረጋጋዋል። ፈተናው ቀላል ነው፦ የመኪናዋን አንድ ማዕዘን በሰውነት ክብደት ወደ ታች ተጭኖ መልቀቅ። ተነሥታ ከረጋች ደህና ነው። ሦስት አራት ጊዜ ከተወዛወዘች አሞርዛተሩ አልቋል። የእኛዋ ከፊት ረጋች፤ ከኋላ እንደ ሕፃን አልጋ ተወዛወዘች። አጎቴ ደስ አላቸው! ምክንያቱም ይህ ሊጠገን የሚችል፣ ዋጋ ማስቀነሻም የሚሆን ጉድለት ነው። በ285,000 ብር ተስማሙ። የቀረው 45,000 ብር ለስም ማዛወሪያ፣ ለሁለት የኋላ አሞርዛተር፣ ለዘይትና ለፍሬን ሸራ ዋለ። ለጎማ ግን አልበቃም፤ ሁለቱን ብቻ ቀየርን። ገንዘቡን ሁሉ ለመግዣ አውጥተን ቢሆን ኖሮ ግን እትዬ የሚቀመጡት በዚያ በሚወዛወዘው ላይ ነበር።

እንግዲህ ሁሉን አየን ብለን ተነሣን። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ሸለቆ ስንወርድ አጎቴ በከባድ ማርሽ ስለያዟት ፍሬኗ አልሸተተም። ድልድዩን አልፈን ወደ ደጀን አቀበቱን ስንጀምር ግን የሙቀት መለኪያው መርፌ ወደ ላይ መውጣት ጀመረ። አንድ ጠመዝማዛ ላይ ስንደርስ ከኮፈኑ ሥር እንፋሎት ቡልቅ አለ። አጎቴ ደንግጠው ወረዱና ጨርቅ ይዘው የራዲያተሩን ክዳን ሊከፍቱ እጃቸውን ዘረጉ። ከኋላችን የቆመ የጭነት መኪና ሾፌር «ጋሼ፣ ይተዉት! እንዳይከፍቱት!» ብሎ እየሮጠ መጣ። እጃቸውን ይዞ ነው ወደ ኋላ የሳባቸው። ቢከፍቱት የፈላው ውኃ ፊታቸው ላይ ይፈነዳ ነበር።

አንድ ሰዓት ያህል ጥላ ሥር ተቀምጠን ጠበቅን። ሲበርድ ሾፌሩ ክዳኑን ከፍቶ ገልብጦ አሳየን፤ የላስቲክ ቀለበቱ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። ምን ማለት እንደሆነ የገባኝ ቆይቶ፣ ትምህርት ቤት ስመለስ ነው። ውኃ በባሕር ጠለል ላይ በ100 ዲግሪ ይፈላል፤ ወደ ላይ በወጣን ቁጥር የአየሩ ግፊት ስለሚቀንስ በየ300 ሜትሩ አንድ ዲግሪ ገደማ ይወርዳል። ቢቸናን በመሰለ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ባለው ቦታ ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው ማለት ነው፤ ይህም ለሥራ ከሞቀ ሞተር ሙቀት ብዙ አይርቅም። ያ ክዳን ጥብቅ ሲሆን በራዲያተሩ ውስጥ ግፊት ይፈጥርና የመፍያውን ነጥብ ሃያ ዲግሪ ገደማ ከፍ ያደርገዋል። ላስቲኩ ሲሰነጠቅ ግፊቱ ያመልጣል፤ ውኃው ቶሎ ይፈላል። ክፍል ውስጥ «ግፊትና የመፍላት ነጥብ» የሚለውን ትምህርት ስትሰጡ የሻይ ጀበና ከምታስቡ ይህን ክዳን ይዛችሁ ግቡ። ስንት መኪና ስናይ፣ ማግኔት ስናስኬድ፣ መዝገብ ስናገላብጥ ሰንብተን ከሁሉ የረከሰችውን ዕቃ ሳናያት መቅረታችን እስካሁን ያናድደኛል።

ከጄሪካን ውኃ ሞልተን፣ በየመጠምዘዣው እየቆምን ደጀን ደረስን። እዚያ አዲስ ክዳን ተገዛ። ከዚያ ወዲያ በዚያ ምክንያት ፈልታ አታውቅም።

በየካቲት እትዬን ይዘን ወደ ደብረ ማርቆስ ሄድን። እትዬ ለወገባቸው ሁለት ትራስ አዘጋጅተው ነበር። ደጀን ላይ አንዱን አውጥተው ለእኔ ሰጡኝ። ሲመለሱም በማግስቱ ጓሮ ወርደው ጎመን ሲቀጥፉ አየኋቸው።

ማግኔቱ አሁንም ማደሪያዬ ውስጥ አለ። መኪና ሊገዛ ያሰበ ዘመድ ያለው እጩ መምህር ካለ መጥቶ ሊዋሰኝ ይችላል፤ ጨርቁን ግን ራሱ ያምጣ።